በግንብ ማዶ የሚጠራ ስልክ

በመስከረም 1969 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ጦር በሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ በቤልፋስት፣ በሁለት ሰፈሮች መካከል የሾህ ሽቦ ዘረጋ። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ኢያን ፍሪላንድ ነገሩ እጅግ በጣም ጊዜያዊ እንደሆነና በዚህች ከተማ የበርሊን ዓይነት ግንብ እንደማይኖር ተናገሩ። የበርሊኑ ግንብ 28 ዓመት ቆሞ ፈረሰ። የቤልፋስቱ ጊዜያዊ ሽቦ ግን ቆርቆሮ ሆነ፤ ቆርቆሮው በኮንክሪት ተተካ፤ በኮንክሪቱ ላይ ብረት፣ በብረቱ ላይ ደግሞ የሽቦ መረብ ተጨመረበት። በአንዳንድ ቦታ ከ10 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ይኸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም እዚያው ነው፤ ብዙ ወንድሞችንም አፍርቷል። እንደ አቆጣጠሩ ከ60 እስከ 100 የሚደርሱ ግንቦች፣ አጥሮችና በሮች በአብዛኛው በቤልፋስት ሰፈሮች መካከል ተጋድመዋል። «የሰላም ግንብ» ይሏቸዋል። ስም በማውጣት የሚወዳደራቸው የለም።

ስለ ሰሜን አየርላንድ ሰላም ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሳው በ1998 ሚያዝያ የተፈረመው የስቅለት ዓርብ ስምምነት ነው። እውነትም ትልቅ ነገር ነው፤ ከ3,500 በላይ ሰው ለገደለ የ30 ዓመት ግጭት ማብቂያ ሆኗል። ነገር ግን ፊርማው የፖለቲከኞቹ ነበር። ከግንቡ ሥር ቤት ያላት እናት በማግሥቱ ጧት ስትነሳ ግንቡ በቦታው ነበር፤ ማዶ ያሉት ሰዎችም እንደ ትናንቱ የማታውቃቸው ባዕዳን ነበሩ። ሰፈርና ሰፈር የሚታረቁት እንዴት ነው? የቤልፋስት ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ የማኅበረሰብ ውይይት ነው፤ እሱም ዝግ ያለ፣ አንዳንዴም የሚያሰለች፣ ግን ብዙ የሚያስተምር ነው።

መጀመሪያ የጠቡን መነሻ ግልጽ እናድርገው። ወገኖቹ «ካቶሊክ» እና «ፕሮቴስታንት» ስለሚባሉ ጠቡ የሃይማኖት የሚመስለው አንባቢ ብዙ ነው። ስለ ቅዱስ ቁርባን ትርጉም የተጣላ ሰው ግን የለም። ክርክሩ የአገር ነው። አየርላንድ በ1921 ለሁለት ስትከፈል ሰሜኑ ክፍል በብሪታንያ ሥር ቀረ። አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች እንደዚያው እንዲቀጥል ይፈልጋሉ፤ አብዛኞቹ ካቶሊኮች ከደቡቡ ጋር አንድ መሆን ይሻሉ። ሃይማኖቱ የወገን መለያ ምልክት ሆኖ ያገለግላል። መልካቸው አንድ፣ ቋንቋቸው አንድ በመሆኑም እንግዳ ሰው ሲገጥማቸው ወገኑን በስሙ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በሰፈሩ ይለዩታል። የእንግሊዝኛዋን ስምንተኛ ፊደል «ኤች» ካላት ፕሮቴስታንት ነው፣ «ሄች» ካላት ካቶሊክ ነው ይባላል። በአንዲት ፊደል ሰው ከሞት የሚድንበት ወይም ሞት ውስጥ የሚገባበት ዘመን ነበር።

በነሐሴ 1969 ሁከቱ ሲፈነዳ ካቶሊኮች የሚኖሩባት የቦምቤይ ጎዳና ከነቤቶቿ ተቃጠለች። በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከሁለቱም ወገን ዕቃቸውን በጋሪና በመኪና ጭነው ወደየወገናቸው ሸሹ። ተቀላቅለው ይኖሩ የነበሩ መንገዶች በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ወገን ብቻ የሚኖርባቸው ሆኑ። ግንቡ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ የለየው አስቀድሞ የተለያዩትን ነው። ስለዚህም ግንቡን ቀድሞ ማፍረስ ዕርቅ አያመጣም። እንቅልፍ የሚነሳ የፍርሃት ሌሊት ነው የሚያመጣው።

አሁን ወደ ውይይቱ እንምጣ። በእኛ አገር ጠብ ሲነሳ የምናውቀው መንገድ ሽምግልና ነው። ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን ይሰማሉ፣ ጥፋተኛውን ይለያሉ፣ ካሳ ይቆርጣሉ፣ ይቅር ያባብላሉ፤ ነገሩ በምርቃት ይዘጋል። ድርድር ደግሞ ሌላ ነው፤ ተወካዮች ተቀምጠው ሰጥቶ መቀበል ነው፣ ፍጻሜው ፊርማ ነው። የማኅበረሰብ ውይይት ከሁለቱም ይለያል። ፍርድ የለውም፣ ፊርማም የለውም። አወያዩ ማን እንደበደለ አይናገርም። ተሰብሳቢዎቹ ማንንም ወክለው አይመጡም፤ የሚናገሩት የራሳቸውን ኑሮ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄም «አየርላንድ የማን ናት?» አይሆንም። «ልጅሽ ትምህርት ቤት የምትሄደው በየት በኩል ነው?» የሚል ዓይነት ነው። እንዲህ ስትባል ጥያቄዋ ተራ ትመስላለች። ሆኖም ሁለት እናቶች ልጆቻቸው በአንድ መንገድ ላይ በአንድ ሰዓት በፍርሃት እንደሚያልፉ ሲያውቁ፣ ከመቶ የፖለቲካ ንግግር የበለጠ ነገር ተነግሯል።

ይህን ሥራ ጦርነቱ ሳይጀመር የጀመሩትም አሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተማርኮ የነበረው ቄስ ሬይ ዴቪ በ1965 በሰሜኑ ባሕር ዳርቻ ኮሪሚላ የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። ግጭቱ በከፋባቸው ዓመታት የሁለቱ ወገን ቤተሰቦች ከከተማው ወጥተው ቅዳሜና እሑድን አብረው የሚያሳልፉበት ቦታ ሆነ። ሳህን አብሮ ማጠብ ነበረበት። እኔ በእጅጉ የምወደው ይህን የሳህን ነገር ነው፤ እጅ በሥራ ሲያዝ አፍ ይፈታል፤ ቡና እየተወቀጠ የሚወራ ወሬ ከስብሰባ አዳራሽ ወሬ የሚለየውም በዚህ ነው።

ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ የስልኩ ታሪክ ነው።

በ1996 ክረምት የፕሮቴስታንቶች ሰልፍ በካቶሊኮች ሰፈር ይለፍ ወይም አይለፍ በሚል ክርክር አገሪቱ ታመሰች፤ ሰሜን ቤልፋስትም ሌሊቱን ሙሉ በድንጋይና በቤንዚን ጠርሙስ ስትናጥ ሰነበተች። በተከታዩ ዓመት በዚያ አካባቢ የሚሠራ የማኅበረሰብ ልማት ማዕከል ለግንቡ ግራና ቀኝ በጎ ፈቃደኞች ተንቀሳቃሽ ስልክ አደለ። ያን ጊዜ ተንቀሳቃሽ ስልክ እንደ ዛሬው በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ አልነበረም። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ልጅ ከዚህ ማዶ ድንጋይ ይወረውራል፤ ግንቡ ረጅም ስለሆነ እዚያ ማዶ ያሉት የሚያዩት የወረወረውን አይደለም፤ የሚያዩት የተሰበረውን መስኮት ነው። «መጡብን» ይባላል። ወንዶቹ ይወጣሉ። ከወዲህ ያሉት ደግሞ ወንዶች ሲሰበሰቡ ይሰሙና «ሊመጡብን ነው» ይላሉ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የአንድ የ12 ዓመት ልጅ ጨዋታ የሁለት ሰፈር ጦርነት ይሆናል። እዚያ ለዚህ ስም አላቸው፤ ለመዝናኛ የሚነሳ ሁከት ይሉታል። ሥራ ፈት ልጅ፣ ረጅም የክረምት ምሽት፣ ቅርብ ያለ ጠላት።

ስልኩ ይህን ሰንሰለት መሐሉ ላይ ይበጥሳል። ከወዲያ ያለው በጎ ፈቃደኛ ይደውላል፦ ከእናንተ በኩል ድንጋይ እየመጣ ነው፣ ምንድን ነው ነገሩ? ከወዲህ ያለው ወጥቶ ያያል፤ ልጆቹን በስማቸው ያውቃቸዋልና ወደየቤታቸው ይሰዳል፤ መልሶ ይደውላል፦ ልጆች ናቸው፣ ሄደዋል፣ ሰዎቻችሁን መልሱ። አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ እያንዳንዱ የሚገሥጸው የራሱን ወገን ብቻ ነው። የማዶውን ልጅ የሚቆጣው የማዶው ሰው ነው። ጠመንጃ የያዘ ፖሊስ ሲመጣ ሁከቱ የሚብስበት ሰፈር ላይ በካፖርት ኪስ ውስጥ ያለች ስልክ ሥራውን ሠራች።

ይህ ስልክ ግን የሚሠራው አንሺው ደዋዩን ካመነው ብቻ ነው። እምነቱ ደግሞ በሁከቱ ሌሊት አይመጣም፤ አስቀድሞ፣ ምንም በሌለበት ወራት፣ ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ ሻይ እየጠጡ የተከማቸ ነው። ውይይት ምን ፋይዳ አለው የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ያጣዋል። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ሲያልቅ ያይና ከንቱ ነው ይላል። የስብሰባው ፍሬ ግን ሰዎቹ አንዱ የሌላውን ድምፅ መለየታቸው ነው። በመስከረም 2011 በእኛ አቆጣጠር በአርባ ምንጭ የተቆጣ ወጣት ሊነጉድ ሲል የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው እንደመለሱት ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ሣሩ ያን ቀን በቅሎ አይደለም የሠራው። ወጣቱ ሣሩ ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ በዱቡሻው፣ በጋሞዎች የሸንጎ አደባባይ፣ ሲያይ አድጓል።

ስለ ቤልፋስቶቹ በጎ ፈቃደኞች ማንነትም አንድ የሚጎረብጥ ነገር አለ። ስልኩን ከያዙት፣ በውይይቱም ከተሳተፉት መካከል የታጣቂ ቡድኖች አባል የነበሩና እስር ቤት የቆዩ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። ልጃቸውን ለተነጠቁ ቤተሰቦች ይህ መራራ ነው፤ ትናንት የገደለ ዛሬ «የሰላም ሠራተኛ» ይባላል። ቢሆንም ድንጋይ ያነሳ ጎረምሳ የሚሰማው ማንን ነው? «እኔ በዚህ መንገድ ሄጄ ሕይወቴን እስር ቤት ጨረስኩ» የሚለውን ነው፣ ወይስ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ባለሙያን? መራራነቱን ሳልክድ መልሱ የታወቀ ይመስለኛል።

ከማዶ ጋር መነጋገር ከመጀመሩ በፊት ሌላ ሥራ አለ፤ ከራስ ወገን ጋር መነጋገር። ማዶ ተሻግሮ ሻይ የጠጣ ሰው በገዛ ሰፈሩ ባንዳ ይባላል። ባንዳ የተባለ ሰው የሚያመጣውን ሐሳብ ደግሞ ማንም አይቀበለውም፤ የቤቱ መስኮትም ለድንጋይ ይጋለጣል። ስለዚህ በቤልፋስት ጥሩ የሚባሉት ጥረቶች በየወገኑ ለብቻ በመምከር ይጀምራሉ። ምን እንፈራለን? ምን ብናጣ እንሞታለን? ምን ብናገኝ እንረጋጋለን? ብዙ ታዛቢ ይህን ጊዜ ማባከን ይለዋል። እኔ ግን ይህን መዝለልን ሳያንኳኩ በር ሰብሮ እንደ መግባት ነው የማየው፤ ቸኩለው ሁለቱን ወገን አንድ አዳራሽ ያስገቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሰበሰቡት አስቀድመው የተስማሙትን ብቻ ነው።

ይህን በደንብ የሚያሳየው በምዕራብ ቤልፋስት ያለው የሳፎክና የሌናዱን ጉዳይ ነው። ሳፎክ ጥቂት መቶ ፕሮቴስታንቶች የሚኖሩባት ትንሽ መንደር ናት፤ ሌናዱን በሺህ የሚቆጠሩ ካቶሊኮች የሚኖሩበት፣ ዙሪያዋን የከበባት ሰፈር ነው። በመካከላቸው በሚያልፈው የስቱዋርትስታውን መንገድ ላይ የፈራረሱ ሕንጻዎች ነበሩ፤ ለድንጋይ ወርዋሪ መደበቂያ፣ ለነዋሪው መሸማቀቂያ። በ1996 የሁለቱ ሰፈር ሰዎች አንድ የጋራ ቡድን መሠረቱ። የፍቅር ስብከት አልሰበኩም። ያነሱት ጥያቄ እነዚህን ሕንጻዎች ምን እናድርጋቸው የሚል ነበር።

ሳፎኮች ፈሩ። ቁጥራቸው እየመነመነ ነው፤ ሱቅ ከተከፈተ ማዶዎቹ ይወርሱናል አሉ። ፍርሃቱ ሞኝነት ነው ብሎ ያለፈው የለም፤ በአሠራሩ ውስጥ ተጻፈ። የሚተዳደርበት ቦርድ ከሁለቱ ሰፈሮች እኩል ቁጥር ያላቸው ሰዎችና ገለልተኛ አባላት እንዲኖሩት ተደረገ፤ ትንሹ መንደር በብዛት አይዋጥም ማለት ነው። የሱቆቹ ኪራይ ትርፍ ሲገኝ ደግሞ ለሦስት ይከፈላል፤ አንድ እጅ ለሳፎክ፣ አንድ እጅ ለሌናዱን፣ አንድ እጅ ለሕንጻው ማስፋፊያ። ሕንጻው ተሠራ፤ ሱቅና የሕጻናት ማቆያ ገባበት፤ የሁለቱም ሰፈር ሰው ይገበያይበት ጀመር። ድንጋይ የሚወረወርበት ቦታ ኪራይ የሚሰበሰብበት ሆነ። የራስ ገቢ በሚገኝበት ሕንጻ ላይ ድንጋይ መወርወር ደግሞ የገዛ ኪስን መውጋት ነው፤ ልጆቹን ለመገሠጽ የሚነሳ አዋቂ በሁለቱም በኩል በዛ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 የተናገረው ነገር እዚህ ላይ ሥጋ ለብሶ ይታያል። ባላንጣዎች ስለተገናኙ ብቻ ጥላቻ አይቀንስም፤ እኩል ሆነው ከተገናኙ፣ የጋራ ግብ ካላቸው፣ ለግቡ ተባብረው ከሠሩና ባለሥልጣኑም ከደገፈው ነው የሚቀንሰው። ከዚህ አንዱ የጎደለበት ምሳሌም ቤልፋስት ውስጥ ሞልቷል። በግጭቱ ዘመን የሁለቱን ወገን ልጆች አንድ ላይ ወደ አሜሪካ ወስዶ አብሮ ማሳረፍ የተለመደ በጎ ሥራ ነበር። ልጆቹ እዚያ ይዋደዳሉ። ተመልሰው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይሳሳማሉ። ከዚያ አንዱ ወደ ግንቡ ወዲህ፣ ሌላው ወደ ግንቡ ወዲያ ይሄዳል፤ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ለየብቻ፣ የሚጫወቱበት ሜዳ ለየብቻ። የበጋው ወዳጅነት ክረምትን መሻገር ያቅተዋል። ዛሬም የሁለቱ ወገን ልጆች ታስቦበት በእኩልነት አብረው በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች የሚገኙት ከመቶ ተማሪ ስምንት ገደማ ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በ1981 ሲከፈት 28 ተማሪ ነበረው። ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ጉዞ ይህ ትንሽ መንገድ ነው።

ውይይት የማይደርስበትም ቦታ አለ፤ ይህን መደበቅ አንባቢን ማታለል ነው። በ2001 በአርዶይን ሰፈር የሆሊ ክሮስ የካቶሊክ ሴት ልጆች ትምህርት ቤት በፕሮቴስታንቶች መንደር በኩል በሚያልፍ መንገድ ላይ ይገኝ ነበር። በሰኔ የተጀመረ ጠብ በመስከረም አገርሽቶ፣ ከአራት ዓመት ጀምሮ ያሉ ሕጻናት በፖሊስና በወታደር ሰልፍ መካከል፣ ስድብና ዕቃ እየተወረወረባቸው ትምህርት ቤት ሲሄዱ ዓለም በቴሌቪዥን አየ። ፈንጂ ሳይቀር ተወረወረ። የተቃዋሚዎቹ ሕዝብ ተከበናል፣ እየጠፋን ነው፣ የሚሰማን የለም የሚል የከረመ ቁስል ነበረው፤ ቁስሉ ግን በሕጻናት ላይ የተደረገውን አያጸድቀውም። ነገሩ እስከ ኅዳር ድረስ ቆየ። ስልኮቹም፣ አወያዮቹም ነበሩ፤ አላስቆሙትም። ሕዝብ አንዴ ከፈላ ውይይት እሳት ማጥፊያ አይሆንም።

ፍትሕም ሌላ ነው። አባቱ የተገደለበት ሰው ሻይ ተጠጣ ተብሎ የገዳዩን ስም የማወቅ ፍላጎቱ አይቀርም። የብሪታንያ መንግሥት በ2023 ስለ ግጭቱ ዘመን ወንጀሎች ያወጣው ሕግ ምርመራና ክስን ስለገደበ፣ በምንም የማይስማሙት የሰሜን አየርላንድ ፓርቲዎች በሙሉ በተቃውሞ ተስማሙበት። ውይይቱ ለሐዘንተኞች የሰጠው ነገር ቢኖር ሐዘንተኛው ከማዶ ሌላ ሐዘንተኛ እንዳለ ማወቁ ነው። ከዚህ በላይ እንዲሸከም ማድረግ ያልተሠራለትን ጭነት መጫን ነው።

ታዲያ ግንቡስ? በ2013 የሰሜን አየርላንድ መንግሥት በ10 ዓመት ውስጥ፣ በ2023፣ ግንቦቹን ሁሉ አነሳለሁ ብሎ አወጀ። አላነሳም። ምክንያቱን ከአዋጁ አንድ ዓመት በፊት የአልስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት አስቀድሞ ነግሮ ነበር፤ ከግንቡ አጠገብ ከሚኖሩት መካከል 58 በመቶው ግንቡ ዛሬ ወይም አንድ ቀን ቢፈርስ ይወዳል፤ 69 በመቶው ደግሞ ለደኅንነት ገና ያስፈልገናል ይላል። እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ አይጋጭም። ይፍረስ፣ ግን ዛሬ ማታ አይሁን ማለታቸው ነው። ከግንቡ ርቆ የሚኖር ሰው በዚህ መፍረድ ይቀለዋል፤ ድንጋዩ የሚያርፈው በእሱ ጣሪያ ላይ አይደለምና። በሚያዝያ 2021 በላናርክ መንገድ በር አካባቢ ወጣቶች አውቶቡስ አቃጥለው ከግንቡ ወዲህና ወዲያ የቤንዚን ጠርሙስ ሲወራወሩ፣ አንዳንዶቹ በ1998 ሰላም ሲፈረም ገና አልተወለዱም ነበር።

በአንጻሩ በየካቲት 2016 በአርዶይን በክራምሊን መንገድ ዳር ለ30 ዓመት ገደማ የቆመ የጡብ ግንብ ፈረሰ። የሆሊ ክሮስን ዓመት ያየው ያው ሰፈር ነው። ነዋሪው በየቤቱ ተጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ ፈርቶ፣ እንደገና ተጠይቆ ነው። በቦታው የብረት አጥርና አትክልት ገባ። በመስኮታቸው ጡብ ብቻ ሲያዩ የኖሩ ሰዎች መንገዱን ማየት ጀመሩ።

የአሌክሳንድራ ፓርክ ነገር ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ይህ የሰሜን ቤልፋስት መናፈሻ ለሁለት የተከፈለው ጦርነቱ ሊያበቃ ተቃርቦ፣ በ1994 የተኩስ አቁም በታወጀበት ሰሞን ነው፤ ሦስት ሜትር የሚያህል የብረት ግንብ በሣሩ መሐል አለፈ፤ የልጆች መጫወቻው በአንድ ወገን፣ ሌላው ሜዳ በሌላ ወገን ቀረ። ከብዙ ዓመት ውይይት በኋላ በመስከረም 2011 በግንቡ ላይ አንድ በር ተከፈተ። መጀመሪያ ለሙከራ ያህል ነበር፤ በሥራ ቀናት፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሰዓቱን የመረጡት የሁለቱ ወገን ነዋሪዎች ናቸው። የሙከራው ጊዜ ሲያልፍ በሩ አልተዘጋም፤ የመክፈቻው ሰዓት ተራዘመ። ግንቡ ግን ከበሩ ግራና ቀኝ እንደቆመ ነው፤ በሩም ሲመሽ ይቆለፋል።